ጃኩዚው የሚሠራው ፎቶ ላይ ነው

ጠጋ በይ። በሩን ገፋ አድርጊውና ተቀመጪ። ይኼን የምነግርሽ ቤትሽን ለእንግዳ ለማከራየት ስላሰብሽ ነው። እንግዳ ብትሆኚማ ፈገግ ብዬ «አዎ፣ ጃኩዚ አለን» እልሽና ቁልፉን አስረክብሽ ነበር።

ሥራዬ የሰው ቤት ማስተዳደር ነው። ባለቤቶቹ ሜሪላንድ፣ ስቶክሆልም፣ ዱባይ ናቸው። ቤቶቹ እዚህ ወሰን፣ ከኮተቤ ወደ ካራ በሚወስደው መንገድ ግራና ቀኝ። ጂ ፕላስ ዋን፣ ጂ ፕላስ ቱ፣ ግቢ ያለው፣ ከጀርባው የየካ ተራራና ባሕር ዛፍ። ፉል ፈርኒሽድ። ለገና፣ ለጥምቀት፣ ለሠርግ ሰሞን እናከራያለን፤ ደግሞ ውጭ ያሉት የበጋ ዕረፍት በሚሉት፣ እኛ ጃንጥላ በምንዘረጋበት ሐምሌና ነሐሴ። ታዲያ ከባለቤቶቹ አንዱ በሆነ ምሽት በቴሌግራም ይደውላል። ድምፁ ይለሰልሳል። ጤና ይጠይቃል፣ ስለ ዘበኛው ይጠይቃል፣ ስለ ውሻው ሳይቀር ይጠይቃል። ከዚያ፦

«እኔ የምልሽ... ጃኩዚ ብናስገባስ?»

እኔ ዝም እላለሁ። መስመሩ የተቋረጠ ይመስለዋል።

ሐሳቡ ከየት እንደመጣባቸው አውቃለሁ። በ2013 ዓ.ም. የእንጦጦ ፓርክ ተከፈተ፤ ኩሪፍቱም እዚያው ጫካው ውስጥ ሪዞርት ይዞ ብቅ አለ። ድሮ ወደ ተራራው የሚወጡት ማገዶ የሚሸከሙ እናቶች፣ ሯጮችና ጠበልተኞች ነበሩ። አሁን ሰው ከነቤተሰቡ ፈረስ ሊጋልብ፣ ዚፕላይን ላይ ሊንጠለጠል ይወጣል። በ2014 ደግሞ አንድ ሚሊዮን ዳያስፖራ ለገና አገሩ ይግባ የሚል ጥሪ ቀረበ። ያኔ በሰፈራችን ባዶ የነበረው ክፍል ሁሉ አልጋ ገባበት። ሁሉም አከራይ ሆነ። ሁሉም ዋይፋይ፣ ሁሉም ትልቅ ቴሌቪዥን፣ ሁሉም ያው ግራጫ ሶፋ። ከጎረቤት ለመለየት ምን ቀረ? ገባሽ አይደል።

አሁን ድምፄን ዝቅ ላድርግ።

ጃኩዚ ስልክ ያስደውላል። ይኼን አልክድም። ደላላው ማስታወቂያው ላይ «ጃኩዚ ያለው» ብሎ ከጻፈ፣ ከጎኑም ፎቶዋን ከለጠፈ፣ ስልኩ አያርፍም። ያቺን ፎቶ ታውቂያታለሽ። ቀይ የጽጌረዳ ቅጠል፣ ሻማ፣ ሁለት የወይን ብርጭቆ፣ ከውሃው ላይ የሚነሣ ስስ እንፋሎት። ጫጉላ የሚወጡ ሙሽሮች በእሷ ይማረካሉ። የልደት ድግስ የሚያስቡ ልጆች በእሷ ይማረካሉ።

እንፋሎቱን ልንገርሽ? ማንቆርቆሪያ ነው። ገንዳው ጠርዝ ላይ፣ ከካሜራው ዓይን ውጭ። ውሃው ራሱ እጅሽን ብትከቺው ታወጪው ነበር። ወይኑም የቪምቶ ጭማቂ ነው፤ ጾም ነበርና ፎቶ አንሺው ወይን አልከፍትም አለኝ።

እንግዳ ከመጣ በኋላስ ማን ይገባበታል? በመጀመሪያው ማታ ልጆቹ። ይጮኻሉ፣ ይረጫሉ፣ መታጠቢያ ቤቱ ይጥለቀለቃል። በማግስቱ ባልና ሚስቱ ቪዲዮ ሊያነሡ ይገባሉ። ከዚያ ዘመድ መምጣት ይጀምራል፤ ቡና ይፈላል፣ ለቅሶ መድረስ አለ፣ መርካቶ አለ፣ የሐበሻ ልብስ ልኬት አለ። ማን ጊዜ ኖሮት! ገንዳው ቡፌ ውስጥ እንደተቀመጠ የሠርግ ስኒ ይታያል እንጂ አይነካም። ለጠበል የመጡትማ፣ እንጦጦ ኪዳነ ምሕረት በሌሊት ተጠምቀው የሚመለሱት፣ ብዙዎቹ በዚያ ቀን ሌላ ውሃ ገላቸውን እንዲነካው አይፈልጉም።

አንድ ሰው ግን ጃኩዚውን ከልቧ ትወደዋለች። የቤት ሠራተኛዋ። ለምን መሰለሽ? ፈረቃ። ውሃው ይመጣል የተባለበት ሌሊት ትነሣና ቧንቧውን ገንዳው ውስጥ ትከፍተዋለች። እስከ አፉ። በማግስቱ ልብሱም ከእሱ፣ ሽንት ቤቱም ከእሱ፣ ግቢውም ከእሱ። በዶላር ተገዝቶ፣ በኮንቴይነር መጥቶ፣ ጣሊያን ሠራሽ የተባለው ገንዳ በርሜል ሆኖ ያገለግላል። የሚገርመው ለገዳዲ ግድብ ከእኛ ሰፈር ብዙ አይርቅም፤ በጣፎ በኩል መንገዱን ይዘሽ ብትሄጂ ትደርሺበታለሽ። ቅርበቱ ግን ለሮቶ ታንከር ሻጮች ነው የጠቀመው።

ደላላው ጃኩዚ የሚለው ሁለት የተለያየ ዕቃ ነው፤ ገንዘብሽም የሚጠፋው እዚህ ጋ ነው። አንደኛው መታጠቢያ ቤት ማዕዘን ላይ የሚገጠመው፣ ቀዳዳ ቀዳዳ ያለው ገንዳ ነው። ተሞልቶ፣ ተገብቶበት፣ ይደፋል። ሁለተኛው ውጭ ግቢ ወይም ቴራስ ላይ የሚቀመጠው፣ ክዳን ያለው፣ ውሃው ሳይደፋ ሁልጊዜ እንደሞቀ የሚቆይ ነው።

የውስጡን እንይ። ትልቁ 300 ሊትር ገደማ ይይዛል። ቤትሽ ያለው ቦይለር ስንት ነው? 80 ሊትር፤ ከጨከንሽ። እስኪበቃው አሙቀሽው፣ 65 ዲግሪ ደረሰ እንበል። የወሰን ውሃ ከሮቶ ሲወርድ ጠዋት ላይ 17 ዲግሪ ቢሆን፣ ሁለቱን ቀላቅለሽ ገላ የሚወደውን 38 ዲግሪ የምታገኚው 180 ሊትር ላይ ነው። ከዚያ በላይ ከሞላሽ ይቀዘቅዛል። እና እንግዳዬ ጉልበቱን አቅፎ፣ እምብርቱ ድረስ ውሃ ውስጥ ተቀምጦ፣ «ሞተሩን እንዴት ነው የምናስነሣው?» ብሎ ይደውልልኛል። ሞተሩ ደግሞ ቀዳዳዎቹ ውሃ ውስጥ ካልሰጠሙ መነሣት የለበትም፤ አየር ከሳበ ይቃጠላል። ስለዚህ ምን እላለሁ? «ጌታዬ፣ ዛሬ ቴክኒሻን እየጠበቅን ነው።» ቴክኒሻኑ የለም። ቦይለሩ ነው ያነሰው።

የውጪው የባሰ ነው፤ ግን ፎቶው የበለጠ ያምራል። 1,500 ሊትር ያህል ውሃ። በቢጫው ጀሪካን ብትቆጥሪው 75 ጀሪካን ማለት ነው፤ ቧንቧ ከሌለ በቦቴ ታስመጫለሽ። ያንን ውሃ ከ17 ወደ 38 ለማድረስ 37 ኪሎ ዋት ሰዓት ገደማ ኤሌክትሪክ ይበላል። ማሞቂያው 3 ኪሎ ዋት ከሆነ ከ12 ሰዓት በላይ ይፈጃል፤ ያውም መብራት ካልጠፋ። እንግዳው ማታ ሊገባ ከፈለገ አንቺ ንጋት ላይ ማብራት አለብሽ። እዚህ ተራራ ሥር ደግሞ ኅዳርና ታኅሣሥ ሌሊቱ አጥንት ይሰብራል፤ ክዳኑን ረስተው ከተኙ ጠዋት ሥራው ከመጀመሪያው ነው።

ከምጣዱ ጋር ያለውን ጠብ ደግሞ ስሚኝ። ምጣድ ብቻውን 3 ኪሎ ዋትና ከዚያ በላይ ይስባል። ጃኩዚው እየሞቀ፣ ቦይለሩ እየሠራ፣ ሠራተኛዋ እንጀራ ልትጋግር ምጣዱን ከሰካችው ብሬከሩ ይወድቃል። ቤቱ ጨለመ። እንግዳው በሳሙና ታጥቦ ቆሟል፤ ሊጡ ምጣድ ላይ ነው። ማን ይቅደም? በእኛ ቤት እንጀራው ይቀድማል። ስሪ ፌዝ መብራት ይግባልን ካልሽ ደግሞ ማመልከቻ አለ፣ ክፍያ አለ፣ መመላለስ አለ።

ሒሳቡንም አስቢው። ሙቀቱን ለመጠበቅ ብቻ በቀን 15 ኪሎ ዋት ሰዓት ቢበላ በወር 450 ነው። ፍሪጁና ምጣዱ ሲጨመሩበት 500ን ታልፊያለሽ፤ ከ500 በላይ ደግሞ የመኖሪያ ቤት ታሪፍ ጣሪያው ነው። ታሪፉም አልተኛም፤ ከመስከረም 2017 ጀምሮ በአራት ዓመት ውስጥ ደረጃ በደረጃ፣ በየሦስት ወሩ እንዲጨምር ተወስኗል። የመለዋወጫውን አታንሺው። ሐምሌ 2016 የብር ምንዛሪ በገበያ እንዲወሰን ከተደረገ ወዲህ አንዲት የፓምፕ ማኅተም ጎማ ዋጋዋ ሲነገረኝ ሁለት ጊዜ ነው የማስደግመው።

«ከአሜሪካ እኔው ይዤ እመጣለሁ» የሚል ባለቤትም አለ። በአየር የሚነፋውን፣ ሻንጣ ውስጥ የሚታጠፈውን። ጎበዝ! ያኛው በ110 ቮልት የሚሠራ ነው፣ የእኛ ግድግዳ 220 ይተፋል። መጀመሪያ የተሰካ ዕለት መጨረሻው ነው። ከመግዛቱ በፊት ጀርባው ላይ ያለውን ጽሑፍ ያንብብልሽ።

ቴራስ ላይ እናድርገው የሚሉትን ግን በሳቅ አላልፋቸውም። እይታው ያታልላል፤ ከላይ የየካ ጫካ፣ ከታች የከተማው መብራት። 1,500 ሊትር ውሃ ግን አንድ ቶን ተኩል ነው። ገንዳው ራሱ፣ ውስጡ የሚቀመጡት አምስት ሰዎች... ሁለት ቶን አለፈ። ይኼ ሁሉ አራት ካሬ ሜትር ላይ። በእያንዳንዱ ካሬ ከ500 ኪሎ በላይ ማለት ነው። የመኖሪያ ቤት ወለል ሲነደፍ የሚታሰብለት የሰውና የዕቃ ጭነት ግን ብዙ ጊዜ 200 ኪሎ ገደማ ነው። መሐንዲስ ሳይፈርም እኔ እንኳን ገንዳ፣ ትልቅ የአበባ ማሰሮ አላስቀምጥም። ሥሩ መኝታ ቤት አለ እኮ!

ደግሞ ጎረቤት አለ። ይኼንን የዳያስፖራ ባለቤቶች ፈጽሞ አያስቡትም። ወሰን ውስጥ ሁሉም ፎቅ ሁሉንም ፎቅ ያያል። እንግዶችሽ በዋና ልብስ ቴራስ ላይ ሙዚቃ ከፍተው ሲንቦጫረቁ፣ ከአጥሩ ወዲያ የእድር ድንኳን ተተክሎ ሊሆን ይችላል። የዘበኛው ፊት ያኔ ቢታይሽ። በማግስቱ እትዬ እገሌ በር ላይ ቆመው «ልጄ፣ እነዚህ እንግዶችሽ ደኅና ናቸው?» ይሉኛል። ጥያቄ እንዳይመስልሽ። እኔም ነጠላዬን አስተካክዬ ይቅርታ እጠይቃለሁ፤ ከዚያ መጋረጃ እገዛለሁ። መጋረጃ ሲሰቀል እይታው ሄደ። እይታው ከሄደ ቴራስ ለምን አስፈለገ?

ጅቡን ረሳሁት። ሌሊት ከተራራው ሲወርድ ድምፁ ግቢ ውስጥ ያለ ያህል ይሰማል። እኛ ለምደነዋል። ከውጭ የመጣ ሰው ግን እራቁቱን ሞቅ ያለ ውሃ ውስጥ ሆኖ ሲሰማው፣ ፎጣውን ሳይፈልግ ነው ወደ ቤት የሚገባው።

ስለ ንጽሕናው አጠር ላድርገው፣ ምግብ የበላሽ መስለሽኛልና። የማይደፋ ሙቅ ውሃ ክሎሪኑ በየቀኑ ካልተለካ ጀርም ይራባበታል፤ የሳንባ ምች የሚያመጣው ሌጂዮኔላ የሚባለው በተለይ እንዲህ ያለውን ሙቀት ይወዳል። ውሃው ከ40 ዲግሪ ማለፍ የለበትም። ነፍሰ ጡር፣ የልብና የደም ግፊት ሕመምተኛ ሐኪም ሳያማክሩ ባይገቡ ይሻላል። ከ5 ዓመት በታች ያሉ ሕፃናት ጭራሽ አይገቡም። ጠጥቶ መግባትም አደጋ ነው፤ ፎቶው ላይ ያሉትን ሁለት ብርጭቆዎች አስታውሰሽ ሳቂ። ይኼን ሁሉ ማን ይቆጣጠራል? እኔ? ዘበኛው?

አሁን ደግሞ ተቃራኒውን ልንገርሽ፤ ሙቅ ውሃ የማይረባ ነገር ነው እያልኩ አይደለም። ኧረ ይኼ ከተማ ራሱ የተቆረቆረው ለሙቅ ውሃ ሲባል ነው! ምኒልክና ጣይቱ እንጦጦ ላይ ነበሩ፤ ብርድ፣ ነፋስ፣ የማገዶ ችግር። መኳንንቱ ለመታጠብ ወደ ፍል ውሃ ይወርዱ ነበር። ጣይቱ ቦታውን ወደዱት፣ ቤት ይሠራልኝ አሉ፤ በ1879 ዓ.ም. አዲስ አበባ ብለው ሰየሙት። ቤተ መንግሥቱም ቀስ በቀስ ተከትሏቸው ወረደ። ልብ አድርጊ፦ እቴጌይቱ ውሃውን ተራራው ላይ አላስወጡም። እሳቸው ናቸው ወደ ውሃው የወረዱት። ሂልተንም ብልጥ ነው፤ መዋኛው የሚሞቀው ከሥሩ ባለው የፍል ውሃ ነው። ወሰን ሥር ግን የተቀበረው ድንጋይ ነው፤ እኛ ሙቀቱን በቆጣሪ ነው የምንገዛው።

ጃኩዚ የሚባሉት ቤተሰቦችም መጀመሪያ የቅንጦት ሰዎች አልነበሩም። ከጣሊያን ካሊፎርኒያ የገቡ ወንድማማቾች ናቸው፤ የአውሮፕላን ውልብልቢትና የውሃ ፓምፕ ይሠሩ ነበር። ከመካከላቸው የአንዱ ትንሽ ልጅ የመገጣጠሚያ ሕመም ነበረበት፤ እ.ኤ.አ. በ1940ዎቹ መጨረሻ ቤት ገንዳ ውስጥ የሚገባ ፓምፕ የተሠራው ለእሱ ሕመም ነው። ሻማና ጽጌረዳ በኋላ ነው የመጣው። በእኔም ቤቶች ውስጥ በእውነት የሚጠቀሙበት እነማን እንደሆኑ ታውቂያለሽ? እናቶች። ጉልበታቸውን የሚያማቸው፣ ልጃቸው ከውጭ መጥቶ አብሮ ያሳደራቸው። «እስቲ እግሬን ልንከረው» ይሉና ጠርዙ ላይ ቀሚሳቸውን ሰብሰብ አድርገው ይቀመጣሉ። ለእነሱ ግን 1,500 ሊትር አያስፈልግም፤ ጥሩ ገንዳ፣ ጨውና የሚይዙት የግድግዳ ብረት ይበቃቸዋል።

ስለዚህ ባለቤቱ ሲደውል ከዝምታዬ በኋላ የምለው ይኼን ነው፦ «ጋሼ፣ መጀመሪያ ስለ ሮቶው እናውራ።» ሁለት ትልልቅ ሮቶ። ግፊት የሚጨምር ፓምፕ። ለየመታጠቢያ ቤቱ የየራሱ ቦይለር፤ ጣሪያው ፀሐይ ካገኘ ሶላር፣ ለሐምሌ ደመና ደግሞ በኤሌክትሪክ የሚደገፍ። ጄኔሬተር ወይም ባትሪ። ወፍራም ፎጣ፣ ወፍራም ብርድ ልብስ። ይኼ ሁሉ ፎቶ ላይ አያምርም፤ አውቃለሁ። ሮቶ ላይ ጽጌረዳ በትኖ ፎቶ ያነሣ የለም። ግን ከሌሊት በረራ ወርዶ ደክሞት የገባ ሰው ቧንቧውን ሲከፍት በኃይል የሚወርድ ትኩስ ውሃ ካገኘ፣ በሚቀጥለው ዓመት ደላላ ሳያማክር በቀጥታ ለእኔ ነው የሚደውለው። ቅሬታ የሚጽፉትን አንብቢ፤ «ጃኩዚው ትንሽ ነው» ብሎ የተማረረ አይታየኝም። «ጠዋት ውሃ አልነበረም» የሚለው ግን ሞልቷል።

መቼ ነው ታዲያ አስገቡ የምለው? ግቢው መሬት ላይ ቦታ ካለ፣ አጥሩ ከጎረቤት ዓይን ከከለለ፣ ስሪ ፌዝ ካለ፣ የራሳችሁ የውሃ ጉድጓድ ካለ፣ በየቀኑ የሚያየው ደመወዝተኛ ካለ። እና ኪራዩ ላይ ለብቻው የሚከፈልበት ከሆነ፤ «በነፃ» ካልሽው ማንም አይንከባከበውም፣ ሲጠፋ ግን ሁሉም ቅናሽ ይጠይቃል። ይኼን ሁሉ ያሟላ ቤት ወሰን ውስጥ አለ። ባለቤቱ ግን አያከራየውም፤ ራሱ ይኖርበታል።

ለቀሪው እንግዳ መላ አለኝ። «ጃኩዚ አላችሁ?» ሲለኝ «ከዚያ የተሻለ አለን» እለዋለሁ። ሾፌሩን እጠራለሁ። ሞሮኮ ባዝ ይወስዳቸዋል፤ እንፋሎቱ እውነተኛ፣ ጭቃው፣ ማሻሻው፣ ማሳጁ፤ ሴቶቹ ከፈለጉ ወይባ የሚያጤስላቸውም ይገኛል። ሁለት ቀን ትርፍ ያላቸውን ወሊሶ ወይም ሶደሬ እልካቸዋለሁ፣ መሬቱ ራሱ አሙቆ ወደሚያቀርብበት። ፊታቸው ቀልቶ፣ ቆዳቸው ለስልሶ ይመለሳሉ፤ ምስጋናው ለእኔ፣ ክሎሪኑ ለሌላ ሰው። ሾፌሩ በየወሩ መጨረሻ ለእኔ ምን እንደሚያደርግልኝ... እሱን እንኳን ሌላ ቀን፣ ቡናው ሦስተኛው ላይ ሲደርስ።